ገብቶናል

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሚኒባሱ ከክፍሉ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፍቷል፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደረበም በመስኮቱ ብቅ እያለ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ ይመታል። መምህርት ሐሚዳ ጀይሉ ግን ዓይኗን ከግድግዳው መንቀል አቅቷታል። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሁለት ሰማያዊ ዘንጎች ጥሎበታል። አንዱ ዘንግ ጣሪያው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ሌላው ከሥሩ ቀና ያለ ድንክ ነው። ረጅሙ በትክክል የመለሰው ተማሪ ሁሉ ነው። ድንኩ አንድ ሰው ነው።

እንግዲህ አርባ ሰው በሞላበት ክፍል አንድ ሰው ቢሳሳት ምን ይገርማል? ሌላ መምህር ቢሆን «ጎሽ፣ በርቱ» ብሎ ሚኒባሱ ላይ ያሳፍራቸው ነበር። ጥያቄው ግን ለማርክ ተብሎ የሚጠየቅ ዓይነት አልነበረም። «የነቀዝ ክኒን ከተደረገበት መጋዘን ጋር በቆርቆሮ ብቻ በተለየ ክፍል ውስጥ ሰው መተኛት ይችላል?» ይላል። ሀ፣ ይችላል። ለ፣ በሩ በደንብ ከተዘጋ ይችላል። ሐ፣ አይችልም። አንዱ ሰው «ለ»ን ተጭኗል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ጎረቤት ከተማ ኮኪት ሄደው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ያንኑ ክኒን በገዛ እጃቸው ከማሽላ ጆንያ መሀል ሊያስቀምጡ ነው።

ክኒኑን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከራስ ምታት ክኒን ብዙም አይለይም። ከጆንያ መሀል ሲያስቀምጡት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም ነቀዙን ይፈጃል። ክፋቱ፣ ነቀዝና ሰው አይለይም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ቀጥሎ ሆድ ያገላብጣል፣ ከዚያ ደረት ይይዛል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ይኼን ሁሉ «እንቅልፍ ነው» እያለ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል።

ሐሚዳ ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም። ተወልዳ ያደገችው መተማ ዮሐንስ ነው። አባቷ ሐጂ ጀይሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰሊጥና ማሽላ ሲገዙ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸውን የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሟ ሳጂድ ነበር። አንድ ዓመት ከሩቅ ከተማ የመጣ ባለሙያ ሳጂድን ከመጋዘኑ በር ላይ አቁሞ የክኒኑን ነገር ሲያስረዳው ዋለ። ሲጨርስም «ገብቶሃል?» አለው። «ገብቶኛል» አለ ሳጂድ። ምን ይበል? ሰው ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ፣ በዚያ ፀሐይ ላቡን እያንጠፈጠፈ ሲያስረዳ ውሎ «አልገባኝም» ቢሉት፣ እንግዳን ማሳፈር ነው። ከባለሙያው ንግግር ግማሹን አልሰማውም፤ ለሰውየው ክብር ሲል ግን ራሱን እየነቀነቀ ቆሞ ዋለለት። ክኒኑ በተደረገ ማግስት ሳጂድና አብሮት የሚሠራ አንድ የወሎ ልጅ ከመጋዘኑ ጓዳ ተኙ። ሳጂድ ተረፈ። የወሎው ልጅ አልተረፈም።

ያኔ ሐሚዳ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ ከሆስፒታሉ ደጃፍ ተቀምጠው፣ የሚያጽናናቸውን ሰው ሁሉ «በሩን ዘግተውት ነበር እኮ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር» ሲሉት ትዝ ይላታል። ከዚያ ወዲህ «ገብቶኛል» የሚል ቃል ስትሰማ ሰውነቷን ይነዝራታል። የዕፅዋት ጥበቃ ያጠናችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጓደኞቿ ጎንደርና ባሕር ዳር ለመቅረት ሲሯሯጡ ተመልሳ ገንዳ ውሃ ለማስተማር የመጣችውም በዚሁ ምክንያት ነው። «እብድ ናት» አሏት። ይበሉ።

ያገኘቻቸው ተማሪዎች የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ነበሩ፤ የባለሀብት ወኪሎች፣ የመጋዘን ሠራተኞች፣ ትራክተር ነጂዎች፣ የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጧታል። ጨዋነታቸው ግን ለጉድ ነው። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ አስተምራ «ገብቷችኋል?» ስትል ክፍሉ በአንድ አፍ «ገብቶናል!» ይላታል። ፈተና ስትሰጥ ግን ወረቀቱ ባዶ። ከሁሉም በላይ ይህችን ቃል የሚያሳምራት የክፍሉ ተጠሪ ምንይችል ነበር። ምንይችል የኮኪት ሰው ነው፤ የአንድ ባለሀብት ማሽላ መጋዘን ኃላፊ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር የሚወጣ። እሱ «ገብቶናል» ካለ አለቀ፤ ማንም ከሱ ወዲያ እጁን አውጥቶ «እኔስ» አይልም። በታላቅ ላይ መናገር ነውር ነዋ።

አንድ ቀን ሐሚዳ ከኮሌጁ ዋና ግቢ ዕቃ ቤት አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ዕቃው ክሊከር ይባላል፤ ተማሪው ግን ሪሞት ነው የሚለው፣ እውነትም ሪሞት ይመስላል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ይይዛል። ጥያቄ ግድግዳው ላይ ሲወጣ የመረጠውን ፊደል ይጫናል። ስንቱ ምን እንደመረጠ ግድግዳው ላይ በዘንግ ይታያል፤ ማን እንደመረጠው ግን አይታይም። ካርቶኑ ዕቃ ቤት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ባትሪውን ከዚያ አደጋ ወዲህ ሱቅ የከፈተው ሳጂድ ነው የሚልክላት።

መጀመሪያ ቀን አንድም ሰው አልተጫነም። ድምፅ ይቀዳል አሉ። ማን ምን እንደሚያስብ ለበላይ አካል ያስተላልፋል አሉ። ጊዜው ጊዜ ነው፣ አይፈረድባቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሚዳ ከገበያ አንድ ዘንቢል ገዝታ መጣችና ሪሞቶቹን ዘረገፈችበት። «ሳታዩ አንዳንድ አውጡ፤ ስትወጡ መልሳችሁ ጣሉት። የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ማን ምን እንደተጫነ አልጠይቅም፣ አልመረምርም። ወላሂ» አለች። መሐላዋን ሲሰሙ ልባቸው ረጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው እውነት ይናገር ጀመር። «የገባው ሀ፣ ያልገባው ለ» ስትላቸው ግማሹ ክፍል ያለምንም እፍረት «ለ»ን ይጫናል። ምንይችል ራሱ ሳቀ። «መምህርት፣ ይቺ ሪሞት ገበናችንን አወጣችው እኮ» አላት።

ወደ ቅዳሜዋ እንመለስ። የተግባር ልምምዱ የተያዘው ኮኪት፣ ከዚሁ ከምንይችል መጋዘን ነው። ባለሀብቱን አስፈቅዶ፣ ቀን ቆርጦ፣ ለእንግዶቹ ውሃ ሳይቀር አዘጋጅቶ ይህን ያሳካው እሱ ነው። ሐሚዳ ደግሞ አንድ ሕግ አላት፦ ሁሉም ሳይገባው ማንም ክኒን አይነካም። እና ድንኩ ዘንግ ግድግዳው ላይ ቆሟል።

«አንድ ጊዜ እንደገና ላስረዳ» አለች። ክፍሉ አጉረመረመ። «በቆርቆሮ ግድግዳ ወዲያ ጎረቤታችሁ ሽንኩርት ሲያቁላላ አይሸታችሁም?»

«ይሸተናል።»

«በሩን ዘግቶ ቢያቁላላስ?»

«ኧረ ባሰ» አለች ከፊት የተቀመጠችው ሃይማኖት፣ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ፤ ክፍሉም ሳቀ።

«ጋዙም እንዲያው ነው። ቆርቆሮና ቆርቆሮ በሚጋጠሙበት ቀዳዳ ያልፋል፣ በሚስማር ቀዳዳ ያልፋል፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ያልፋል። በር መዝጋት ወደ ጎረቤት ይገፋው ካልሆነ አያስቀረውም። አሁን ተጫኑ።»

ረጅሙ ዘንግ ወዲያው አደገ። ሳቁ ገና ከፊታቸው አልጠፋም። ከዚያ ከጎኑ፣ ያቺው የ«ለ» ቦታ ላይ፣ ድንኩ ዘንግ ብቅ አለ። ሳቁ ቆመ።

ደረበ በሩን ከፍቶ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም ደረበ፤ ሰዓት ነው የሚያስጨንቀው። «ምን ሆነሽ ነው ሐሚዳ? ባለሀብቱ በስንት ልመና ነው የፈቀዱልን። ቀትር ከሆነ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ማን ይገባል?»

«አንድ ሰው አልገባውም።»

«ሁለቴ አስረድተሻላ።»

«ሁለቴም አልገባውም።»

ደረበ ግድግዳውን አየው፣ ቀጥሎም ኮምፒውተሩን። «ሪሞቱ ከጀርባው ቁጥር አለው አይደል? የትኛው ቁጥር እንደሳተ ኮምፒውተሩ ያሳይሽ የለም እንዴ? ሁሉም የያዘውን ገልብጦ ያሳይ፣ በቃ። ያ ሰው ይቅር፣ ሌላው ይሂድ።»

እውነቱን ነው፣ ኮምፒውተሩ ያሳያል። አርባ እጅ ከነሪሞቱ ከጠረጴዛ ሥር ገባ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩአትም። ሐሚዳ አንዴ ያን ቁጥር ካየች ከዚህ በኋላ ግድግዳው እንደሚዋሻት ገባት፤ ሁሉም የጎረቤቱን እያየ ይጫናል፣ «ገብቶናል» ተመልሳ ትመጣለች።

«ምያለሁ» አለች።

«በመሐላ ነው እንዴ ትምህርት የሚሰጠው?»

ሐሚዳ እንደገና ግድግዳውን አየች። ልቧ ሌላ ነገር ይዟል። ሁለት ጊዜ ተነግሮት ሁለት ጊዜ «በሩ ከተዘጋ ይችላል» የሚል ሰው፣ ነገሩ አልገባው ብሎ ነው? ወይስ እንዲሆንለት የሚፈልገው ነገር አለው? የአባቷ ድምፅ መጣባት፦ በሩ ተዘግቶ ነበር እኮ። ከዚያ ተቀመጠችና አዲስ ጥያቄ መጻፍ ጀመረች። ጣቷ ፊደል እየሳተ ደጋግማ አጠፋች።

ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ ሀ፣ ገብቶኛል። ለ፣ አልገባኝም። ሐ፣ ገብቶኛል፤ ግን ለመናገር የከበደኝ ነገር አለ።

«ሁላችሁም ሪሞታችሁን ከጠረጴዛ ሥር ያዙ። ማንም ጎረቤቱን እንዳያይ። ተጫኑ።»

«ሀ» ጣሪያ ደረሰ። «ለ» ባዶ ሆነ። «ሐ» ላይ አንድ ሰው።

ሾፌሩ ውጪ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደረበ በመስኮት በእጁ ዝም አሰኘው።

ሐሚዳ እንደገና ጻፈች፦ ነገሩ ክኒን ሰው ካለበት አጠገብ መደረጉ ነው? ሀ፣ አዎ። ለ፣ አይደለም። ሐ፣ እኔን አይመለከተኝም። «የማይመለከታችሁ ሁሉ 'ሐ'ን ተጫኑ። ማንም ሳይጫን እንዳይቀር።» ይህን ያለችው ያ ሰው ብቻውን ሲጫን እንዳይታይ ነው። «ሐ» ተመነጠቀ። «ሀ» ላይ አንድ።

«ያ ረቢ» አለች በለሆሳስ። ሃይማኖት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁሉም ጎረቤቱን ማየት እየፈለገ ማንም አላየም። ሊታይ የሚችል ነገር ቢኖርም ሁሉም ፊት ያው አንድ ዓይነት ሆኗል፣ ላብ በላብ።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ እንዲህ ወጣ፦ በዚህ ሰዓት፣ አሁን፣ ሰው ተኝቶበታል? ምርጫዎቹ ያው ናቸው።

«ሐ» አደገ። የቀረ ሰው እንዳለ ማሽኑ ይናገራል፤ ከግድግዳው ጥግ ላይ «አንድ መልስ ይቀራል» የሚል ጽሑፍ ቆመ። ጠበቁ። ጽሑፉ አልተነቃነቀም። ሐሚዳ ዓይኗን ከዚያ ጽሑፍ ላይ ሳትነቅል «ማንም ሁን ማን» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ፣ «ተጫን በአላህ። ምንም አልልህም።» ይህን እያለች መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጭው ብሎ ሞተ፤ ግድግዳው ባዶ ኖራ ሆነ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ይቺ አገር «ውይ» ትላለች። የዚያን ቀን «ውይ» ያለ ሰው አልነበረም። ሐሚዳ ላፕቶፑ ላይ ተደፋች። ባትሪው ያረጀ ነው፣ ቀይ ምልክቱ እየበራ እየጠፋ ነው። ከስክሪኑ ላይ የሚቀረው መልስ ሲመጣ አየችው። «ሀ»። ተኝቶበታል። ላፕቶፑም ከዚህ በላይ አልቆየላትም፣ ጠቆረ።

«ተኝተውበታል» አለች።

ደረበ ሰዓቱን ረስቶታል። «የሪሞቱን ቁጥር፣ ሐሚዳ! አሁንስ መሐላ ነው ወይስ ነፍስ?»

እሷም ይህንኑ ልትል ነበር፣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ቁጥሩም አብሮት። ጀነሬተሩ እስኪነሳ፣ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት፣ ተኝቶ ያለው ሰው አይጠብቅም። ከዚህ ወዲያ የቀረው የሰው አፍ ብቻ ነው፤ ይህ ክፍል ደግሞ ከአፉ እውነት አውጥቶ አያውቅም።

ሐሚዳ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጠች። ፊቷን ወደ ኖራው ግድግዳ አዞረች። «እያየሁ አይደለም» አለች። «ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለምን አልልም። ቦታውን ብቻ ንገሩኝ። ወንድሜ አጠገብ የተኛው ልጅ እናት ነበረችው፤ አባቴ ሬሳውን ይዞ ወሎ ድረስ ሄዶ ነው ያረዳት። እኔ እንደዚያ ያለ መንገድ አልሄድም። ቦታውን።»

ሁሉም እያያት ነው። ከጀርባዋ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ ወንበር ተንቋቋ። ከደረት ሥር የሚወጣ ድምፅ፣ ሁሉም «ገብቶናል» ሲል የለመደው ድምፅ፣ ተሰብሮ መጣ።

«የኛ ነው» አለ ምንይችል። «ኮኪት ነው፣ መምህርት። እኔ ነኝ።»

ስልክ ተሞከረ፤ ኔትወርክ የለም፣ ከጠፋ ሰንብቷል። ሚኒባሱ የጫነውን ጭኖ ወጣ፤ የቀረው ተማሪ በባጃጅ ይከተል ጀመር። ምንይችል ከሐሚዳ ጎን ተቀምጦ የመጋዘኑን ቁልፍ በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ሳትጠይቀው ያወራል።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ነው ያደረግሁት። ነቀዙ ጆንያው ላይ ይርመሰመሳል፣ መምህርት። ስንት ዓመት መጋዘን ጠባቂ ነኝ ብዬ፣ ከናንተ ዘንድ ተማሪ ነኝ ብዬ፣ እርስዎ መጥተው ያንን ያዩታል ስል አፈርኩ። እንግዳ ሊመጣ ቤት ሳይጠረግ ያድራል?»

«ማነው የተኛው?»

«ሳሉጎቹ ናቸው፣ የቀን ሠራተኞቹ። መኪና ሲጭኑ አድረው ንጋት ላይ ነው የሚተኙት፣ ከቆርቆሮው ወዲያ። እንዳይተኙ ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞም በሩን ዘግቼዋለሁ፣ መምህርት። በሩን በደንብ ነው የዘጋሁት።»

ሐሚዳ እጁን ያዘችው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአባቷ አፍ ሰምታታለች። ተናዳበታለችም፤ ያን ጊዜ ልትመታውም ልታቅፈውም ትችል ነበር። መንገድ ላይ ያለው የወታደሮች ኬላ ጋ የተሰለፉ አይሱዙዎች መንገዱን ይዘውታል። ደረበ ሚኒባሱ ሳይቆም ወርዶ ሮጠ፤ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ እጁን እያርገበገበ፣ ያ ሰዓቱን የሚያከብር ሰው ወታደሮቹ እግር ሥር ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ገመዱን አወረዱላቸው።

መጋዘኑ ደጃፍ ሲደርሱ የጋዙ ሽታ ተቀበላቸው፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ፣ ሽንኩርት በሌለበት። አንድ ተማሪ ሻሹን በውሃ ነክሮ አፉን ሸፍኖ ሊገባ ሲል ሐሚዳ ጎትታ መለሰችው። «እርጥብ ጨርቅ ምንም አያደርግም! ውጪ ቁሙ፣ ወደ ነፋሱ ዙሩ!» ለልምምዱ ያመጡት ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሁለት ብቻ ነው። አንዱን እሷ አጠለቀች። ሌላውን ደረበ ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ ምንይችል ቀደመው።

የሳሉጎቹ ክፍል ቆርቆሮ በር ተከፈተ። ከውስጥ ጨለማና ሙቀት። ሰዎቹ ሰሌን ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፣ ልብሳቸውን ተንተርሰው፣ የማሽላ ገለባ ጸጉራቸው ላይ እንዳለ። ምንይችል የመጀመሪያውን በብብቱ ይዞ ጎተተው። ሐሚዳ ሁለተኛውን። ከበሩ ውጪ ያሉት ተማሪዎች እየተቀበሉ ደጁ ላይ ካለ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጣሉ። አንዳንዱ በእግሩ ለመቆም ይሞክርና ይወድቃል፤ አንዳንዱ ያስመልሰዋል። የመጨረሻው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው፣ ሲጠሩት አልመለሰም። ምንይችል ትከሻው ላይ አድርጎ አወጣውና ጭምብሉን አውልቆ ከአጠገቡ ተንበረከከ። «ወንድሜ፣ በናትህ» አለው። «በናትህ፣ ወንድሜ።» ልጁ በሚኒባሱ ተጭኖ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ሃይማኖት ራሱን ጉልበቷ ላይ ይዛ ነበር።

ከዛፉ ሥር ከተቀመጡት መካከል አንዱአምላክ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ውሃውን ይዞ መጠጣት አቃተው። ሐሚዳ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ጋሽ ምንይችል እዚህ እንዳትተኙ አልነገራችሁም?»

«ነግረውናል።»

«እና?»

«ክኒን አድርገናል አሉን። ለነቀዝ ነው አሉን። ገብቷችኋል አሉን፣ ገብቶናል አልን።» አሳለው። «ለነቀዝ ከሆነ እኛን ምን ያገባናል ብለን ተኛን።»

ምንይችል ከኋላቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። ግንዱን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና አፈር ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል፤ ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩለት።

ልጁ አመሻሽ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ይህን የነገራቸው ደረበ ነው፤ ከሆስፒታሉ ደጅ ሳይነሳ ነበር የዋለው። የሞተ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ነገር ግን በ«የሞተ የለም» አይዘጋም። ፖሊስ ምንይችልን ወስዶ አቆየው። ባለሀብቱ ከሥራ አሰናበተው። ኮኪት ውስጥ ያላማው ሰው አልነበረም፤ እሱም ከቤቱ አልወጣ አለ። ሐሚዳ ሁለት ጊዜ ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች። ባለቤቱ «ተኝቷል» አለቻት። እንዳልተኛ ሁለቱም ያውቃሉ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የክፍሉ በር ተከፈተና ምንይችል ገባ። ከስቷል። ሰላምታ ሳይሰጥ ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠ። ቀድሞ ከፊት ነበር የሚቀመጠው፣ ተጠሪ አይደል። ማንም ዞሮ አላየውም፤ ማየት አቅቷቸው ነው እንጂ ጠልተውት አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ የክፍሉን ሁሉ በሽታ፣ ያቺን «ገብቶናል»፣ ያወጣ ሰው ሆኖ ነበር።

የዚያን ቀን መብራት አልነበረም። ሪሞቶቹ ዘንቢላቸው ውስጥ እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ሐሚዳ በጠመኔ ስታስተምር ቆየች፤ የመጠን ስሌት ነበር፣ ለስንት ኩንታል ስንት ክኒን፣ ስንት ቀን ተዘግቶ፣ ስንት ቀን ተናፍሶ። ስትጨርስ ድካም አዘናጋትና ያቺ ያስቀየመቻት ቃል አመለጠቻት።

«ገብቷችኋል?»

የተናገረችው ራሷም ደነገጠች። ድሮ በዚህ ቦታ ያ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ሁሉም የለመደው ያንን ነውና ሳይታወቃቸው እሱኑ ጠበቁ።

ከመጨረሻው ወንበር አንድ እጅ ወጣ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር እጅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እጁ አልወረደም።

«እኔ አልገባኝም» አለ ምንይችል።

ሐሚዳ የሰሌዳ መጥረጊያውን አነሳች። «ከየቱ ጀምሮ ነው ያልገባዎት፣ ጋሼ?» አለችው።

«ከመጀመሪያው።»

ሰሌዳውን አጠፋችና ከመጀመሪያው ጀመረች።